ማንም ያልቀረበት ሺኛ ቀን

በመዝገቡ መሠረት ሚኔጊሺ ሹንዞ በሞቱበት ዕለት ጤነኛ ነበሩ። ጠዋት አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ የሰውነት ሙቀታቸው 36.4 ተብሎ ተጽፏል፤ ከጎኑ እንደ ፊርማ የሚያገለግለው፣ ስማቸው የተቀረጸበት ቀይ ማኅተማቸው ተመትቷል። አምስት ሰዓት ላይ ደግሞ በፋብሪካው ማረፊያ ክፍል፣ ፍራሽ ላይ በጀርባቸው እንደተኙ፣ ብርድ ልብሱ እስከ አገጫቸው ተስቦ፣ ሞተው ተገኙ።

«የተፈጥሮ ሞት ነው። ልብ ነው» አለ የኩባንያው ሐኪም ካፖርቱን እንኳ ሳያወልቅ።

«መቼ ሞቱ?» አለች ኢንስፔክተር አሳኑማ ኪዋ።

«ክፍሉ ሞቃት ስለሆነ በትክክል መናገር ያስቸግራል። ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይሆናል።»

አሳኑማ አመሰገነችውና በሩን አሳየችው። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከእነዚህ ውስጥ ሃያ ስድስቱን በኒጋታ ክፍለ ሀገር ፖሊስ ስታሳልፍ ብዙ ሌባና ብዙ ገዳይ አይታለች። ከሁሉም የሚያንገሸግሻት ግን ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ «በጣም ያሳዝናል» የሚል ሰው ነው። ዛሬ ደግሞ ከበሩ ከገባች ወዲህ ሰባት ጊዜ ሰምታዋለች። አለቃዋም ስትወጣ «ጉንፋን የያዘው ሰውዬ ነው፤ እስከ ማምሻው ዝጊው» ብሏት ነበር።

ፋብሪካው ለከተማው ትምህርት ቤቶች በየቀኑ አራት ሺህ የታሸገ ምሳ ያዘጋጃል። ሚኔጊሺ ለሠላሳ አንድ ዓመት ሩዝ ሲቀቅሉ ኖረዋል። ማረፊያ ክፍሉ ከሩዙ ክፍል ጀርባ ያለች፣ ወለሏ ሰሌን የተነጠፈባት ጠባብ ክፍል ናት። ያለቻት አንዲት መስኮት ናት፤ በመስኮቷ ደፍ ላይ ፀሐይ ነክቶት የማያውቅ የሳምንት በረዶ ተቆልሏል። የሟቹ ራስ ወደ መስኮቷ ነው። ከመኝታው አጠገብ ባለው ግድግዳ ላይ የደወል ቁልፍ አለ።

አስከሬኑ ሲነሳ አሳኑማ ተንበርክካ ፍራሹን በመዳፏ ዳሰሰች። ራሳቸው ያረፈበት በኩል ደረቅ ነው። እግራቸው በነበረበት በኩል ግን መዳፏ እርጥብ ሆኖ ወጣ። አሸተተችው፤ ላብ ነው። እጇን በመሐረቧ ጠርጋ ተነሣች።

ይህን ሁሉ ጊዜ ካጂ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ካጂ የሠራተኛ አስተዳደርና የጤና ጥበቃ ኃላፊ ነው፤ አርባ ዓመት የሞላው፣ ድምፁ ለስላሳ፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና የምስክር ወረቀቱን በመስታወት አስገብቶ የሰቀለ ሰው። አሳኑማ ቀና ባለች ቁጥር ጎንበስ ይላል። ስልክ ሲያነሣም፣ ማዶ ያለው ሰው የሚያየው ይመስል፣ ጎንበስ ይላል።

«በጣም ያሳዝናል» አለ። ስምንተኛው መሆኑ ነው። ከዚያ የሆነውን በትሕትና ተረከላት። ሚኔጊሺ ጠዋት ደህና ሆነው መጡ፤ ትኩሳት እንዳላቸው ለማንም አልተናገሩም። ሁለት ሰዓት ገደማ ትንሽ ደከመኝ ሲሉት አረፍ እንዲሉ መከራቸው። አራት ሰዓት ተኩል ላይ ብቅ ብሎ አያቸው። «ውኃ ጠየቁኝ፤ ሰጠኋቸው። አመሰግናለሁ ብለው እዚያው እንደነበሩ ተመልሰው ተኙ። አምስት ሰዓት ላይ ስመለስ…» አለና አንገቱን ደፋ።

«እስከዚያ አልተነሡም? ቦታም አልቀየሩም?»

«ኧረ በጭራሽ። ከተኙበት ንቅንቅ አላሉም።»

አሳኑማ ቃሉን እንዳለ ጻፈችው።

የሟች ሚስት ቶሚዬ በእንግዳ መቀበያው ክፍል ተቀምጠው ነበር። ከፊታቸው በአንድ ወገን ሻይ፣ በሌላው ወገን አንድ ወረቀት ተቀምጦላቸዋል። ሻዩ ሳይነካ ቀዝቅዟል። ወረቀቱ «ባለቤቴ ትኩሳቱን ደብቆ፣ በመዝገብም ላይ ሐሰተኛ ቁጥር ጽፎ ወደ ሥራ በመግባቱ ኩባንያውንና ደንበኞቹን ለችግር ዳርጓል፤ በስሙ ይቅርታ እጠይቃለሁ» ይላል። ከሥሩ ለማኅተም የሚሆን ባዶ ቦታ ተትቷል። የዛሬው ምሳ በሙሉ ተጥሏል፤ አሥር ሰዓት ላይ ይህን የሚገልጽ ማስታወቂያ ከዚህ ወረቀት ጋር ወደ ትምህርት ቤቶቹ ሁሉ ይላካል። ከእነዚያ በአንዱ የልጅ ልጃቸው ይማራል።

«ማኅተምዎን ይዘው ይምጡ አሉኝ፤ ይዤ መጣሁ» አሉ ቶሚዬ፣ ጉልበታቸው ላይ ያለችውን ትንሽ የጨርቅ ቦርሳ እየነካኩ። «ግን ውሸት ነው። እሳቸው በሕይወታቸው ዋሽተው አያውቁም። ለእኔ ሲሉ እንኳ ዋሽተው አያውቁም፤ ያበሰልኩት ካልጣማቸው አልጣመኝም ነው የሚሉት። 39.6 ነበር ትኩሳታቸው። አሥራ ሁለት ሰዓት ከአሥር ላይ እኔው ራሴ ደውዬ ዛሬ አይመጡም ብያለሁ።»

«ማን አነሣው?»

«ወንድ ነው። ገባኝ ብሎ ዘጋ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ከዚህ መልሰው ደወሉ። እሳቸው አነሡት። ረጅም ጊዜ ሰሙና፣ ‹ይህን ያህል ከለመኑኝማ ምን አደርጋለሁ፤ እሺ፣ መጥቼ እተኛለሁ› አሉ።»

«መጥቼ እተኛለሁ?»

«አዎ። እኔም አልገባኝም።»

አሳኑማ ወረቀቱን አንሥታ አጠፈችና ኪሷ ከተተችው። እሷን ሳያነጋግሩ ምንም ላይ እንዳያትሙ ነገረቻቸው፤ ቶሚዬም ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

የምርት ክፍሉ ኃላፊ ሱኩዳ የሚያነጋግራት ቆሞ ነበር፤ ተቀምጦ መናገር አያውቅም። ድምፁ እንደ ጭነት መኪና ጥሩምባ ነው። ከጀርባው የድርጅቱ ደንብ ተለጥፏል። እሱ ሲጮኽ አሳኑማ ደንቡን አነበበች። የሕመም ፈቃድ የሚባል ነገር የለም። የታመመ ሰው ከዓመት ፈቃዱ ይወስዳል፤ ለዚህም ከሦስት ቀን በፊት በጽሑፍ ያመለክታል።

«ሕመሙ ራሱ ከሦስት ቀን በፊት ያሳውቃል ማለት ነው?» አለች።

«ሕመም ሕመም አትበይኝ፤ የማይታመም ማን አለ! እኔ በተሰበረ ጣት ሠርቻለሁ።» ከዚያ ስለ ሰሌዳው አወራት። በምግብ አዳራሹ የተሰቀለው ትልቅ ሰሌዳ አንድም ሠራተኛ ያልቀረበትን ቀን ይቆጥራል። አንድ ሰው ከቀረ ሃያ ሦስቱም ሠራተኞች ከዜሮ ይጀምራሉ። ዛሬ ሺኛው ቀን ነበርና ሦስት ሰዓት ላይ የኩባንያው ፕሬዚዳንት መጥቶ፣ ንግግር አድርጎ፣ ፎቶ ተነሥቶ ሄዷል።

«ስልክ ደውለው እንዲመጡ የለመኑዋቸው እርስዎ ነዎት?»

ሱኩዳ ሳቀ። «እኔ? እኔ የምለምን እመስልሻለሁ? ደውዬ ቢሆን ና! ብዬ ነበር የምዘጋው። እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ግቢ ውስጥ መኪና ሳስጭን ነበር። ከዚያ ሥነ ሥርዓቱ እስኪጀምር ሠራተኞቹ ራስ ላይ ቆሜ ነበር። ጠይቂያቸው።»

ሰውየው ባለጌ ነው፤ አሳኑማ ግን ባለጌነቱን ቢያንስ አለመሸፋፈኑን ልብ አለች።

እሷም ጠየቀች። ኖሞቶ ሳዳኮ ለሃያ ዓመት ከሚኔጊሺ አጠገብ የሠሩ የስድሳ ዓመት ሴት ናቸው። እጅ መታጠቢያው ጋ አገኘቻቸው። ከጭምብላቸው ሥር ያለማቋረጥ ይስላሉ። አሳኑማ ፎጣ ስታቀብላቸው እጃቸው ነካት፤ ያቃጥላል።

«እትዬ ኖሞቶ፣ መዝገቡ ላይ ዛሬ ስንት ጻፉ?»

«36.4።»

«ትናንትስ?»

«እሱኑ ነዋ። ሁላችንም እሱኑ ነው የምንጽፈው። ሌላ ከጻፍክ ምግብ አትነካም፣ ምግብ ካልነካህ ቀርተሃል፣ ከቀረህ ሰሌዳው…» አሉና ሳል አቋረጣቸው። «እውነቱን የሚጽፉ አንድ ሰው ብቻ ነበሩ። ሚኔጊሺ። ባለፈው ዓመት 37.8 ብለው ቢጽፉ አቶ ካጂ ፊቱ አስቁሞ ሁለት ጊዜ አስለካቸው፤ በመጨረሻ መለኪያው ተበላሽቷል ተባለ።»

«ዛሬስ? ከማረፊያ ክፍሉ ምንም አልሰሙም?»

ሴትየዋ ፎጣውን ብዙ ጊዜ አጣጠፉት። «ደወሉን ሰምቻለሁ። ሬዲዮው የአየር ጠባዩን ሲናገር፣ ሁለት ሰዓት ከሃያ ገደማ። ደወሉ ጥሪውን የሚያደርሰው ለሠራተኛ አስተዳደር ቢሮ ነው፤ ግን በግድግዳው ይሰማል። ሦስት ጊዜ ጮኸ። ከዚያ የሰው እግር ሲሄድ ሰማሁና ደረሱላቸው ብዬ ዝም አልኩ። አቶ ሱኩዳ ራሴ ላይ ቆሞ ነበር። እዚያው አጠገብ ነበርኩ እኮ፣ ኢንስፔክተር። አሥር እርምጃ ነው።»

ሌላ ቀን ቢሆን አሳኑማ ትቆጣቸው ነበር። የሙቀት መዝገቡን ይዛ ብቻዋን ተቀመጠች። ማንበብ ስትጀምር ሳቋ መጣ፤ ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። ሃያ ሦስት ሰው፣ ክረምትና በጋ፣ አንድ የሰውነት ሙቀት ይዞ ይኖራል። ቀጥላ ቁጥሩን ትታ ማኅተሞቹን ተመለከተች። ከእያንዳንዱ ሠራተኛ ስም በግራ በኩል የኃላፊው የሱኩዳ ማኅተም የሚመታበት ሳጥን አለ። የሠራተኞቹ ማኅተሞች በሙሉ ወደ ግራ፣ ወደዚያ ሳጥን ዘንበል ብለው ተመትተዋል። በብዙ ቢሮዎች ያለ ልማድ ነው፤ የበታች ሰው ማኅተም ለአለቃው ማኅተም እጅ ይነሣል። የሚኔጊሺ ብቻ እንደ ተተከለ ችካል ቀጥ ብሏል። አንድ ወር፣ አንድ ዓመት፣ ሦስት ዓመት ወደ ኋላ ገለጠች። ሁሌም ቀጥ ያለ ነው። ወደ ዛሬው ገጽ ተመለሰችና መነጽሯን አደረገች።

አሥር ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል ሁሉንም በምግብ አዳራሹ ሰበሰበቻቸው፤ ሱኩዳን፣ ካጂን፣ ኖሞቶንና የሩዙን ክፍል ሠራተኞች። ቶሚዬም በአንድ ጥግ ተቀመጡ። ከበላያቸው ሰሌዳው «ማንም ያልቀረበት ቀን፦ 1000» ይላል። ማንም አላወረደውም፤ ሚኔጊሺ ሞተው እንኳ ቀሪ አልተባሉም።

«ማስታወቂያው የሚላክበት ሰዓት ደርሷል» አለ ካጂ ጎንበስ ብሎ። «የወይዘሮ ሚኔጊሺ ማኅተም ብቻ ነው የቀረው። ይቅርታ፣ ሰዓቱ ስለሆነ ነው።»

«ስለ ማኅተም ነው የሰበሰብኳችሁ» አለች አሳኑማ መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ። «ሟቹ ሐሰተኛ ቁጥር ጻፉ ተብሏል። እዩት እስቲ። የሦስት ዓመቱን መዝገብ አይቻለሁ፤ የሰውየው ማኅተም ለማንም እጅ ነሥቶ አያውቅም። ዛሬ ግን በ39.6 ትኩሳት መጥተው፣ ድንገት ትሕትና አድሮባቸው፣ ማኅተማቸውን ወደ ግራ አዘንብለው መቱ። የምታምኑት አላችሁ?»

አንድ ሠራተኛ ተጠግቶ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«የመታው ሌላ ሰው ነው። ማኅተማቸው እንደ ሁላችሁም በቢሮው መሳቢያ ነው የሚቀመጠው። የመታው ሰው ለአለቃ እጅ መንሣት ከደሙ የተዋሐደው ነው፤ የሌላውን ሰው ማኅተም ሲሰርቅ እንኳ እጁ በራሱ ጊዜ ጎንበስ አለ። አቶ ሱኩዳ አይደለም። ሳጥኑ የራሱ ነው፤ ለራሱ እጅ የሚነሣ ሰው አላየሁም፤ እሱ ለማንም የሚነሣም አይመስለኝ።»

ሱኩዳ ወደ ካጂ ዞረ።

«ወደ ማረፊያ ክፍሉ እንሂድ። ላባቸው ያለው እግራቸው ተዘርግቶበት በነበረው በኩል ነው። ራሳቸው የነበረበት ደረቅ ነው። ሰው በእግሩ እንዲያ አያልበውም። ስለዚህ በሕይወት ሳሉ የተኙት ራሳቸውን ወደ ደቡብ አድርገው ነው፤ ከሞቱ በኋላ አንድ ሰው አዙሯቸዋል። የዞሩት ወዴት ነው? በረዶው የማይቀልጥባት መስኮት ወዳለችበት፣ ወደ ሰሜን።»

አዳራሹ ውስጥ አንዲት ሴት አፏን በእጇ ያዘች። እዚያ ላለ ሰው ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልገውም። በዚያ አገር ራሱን ወደ ሰሜን አድርጎ የሚተኛ የለም፤ ሕፃን እንኳ እንዲያ ቢተኛ እናቱ ተቆጥታ ታዞረዋለች። ወደ ሰሜን የሚያስተኙት ሬሳን ብቻ ነው።

«ስለዚህ ያዞራቸው ሰው መሞታቸውን ያውቅ ነበር» አለች አሳኑማ ድምፅዋን ሳታነሣ። «አውቆም ጩኸት አላሰማም። አምስት ሰዓት እስኪሆን ጠብቆ አገኘኋቸው አለ። አቶ ካጂ፣ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ውኃ የሰጧቸው በየትኛው በኩል ነው? እዚያው እንደነበሩ ተመልሰው ተኙ ብለውኛል። ንቅንቅ አላሉም ብለውኛል። ጽፌዋለሁ።»

ካጂ ለመናገር ሲሞክር ጎንበስ አለ፤ ለማን እንደሆነ ግን አልታወቀም።

«እትዬ ኖሞቶ ሥራ ላይ ነበሩ፤ አቶ ሱኩዳ ራሳቸው ላይ ቆሞ ነበር። ሁለቱ አንዱ ለአንዱ ምስክር ናቸው። ደወሉ የሚጮኸው እርስዎ ቢሮ ነው። ለምኖ ማምጣት የሚችሉበትም እርስዎ ነዎት። ‹መጥተው ማኅተምዎን ይምቱና ይተኙ፤ ሃያ ሁለት ጓደኞችዎን አያሳፍሩ› አሏቸው። ሟቹ ራሳቸው ቢሞሉት ግን 39.6 ብለው እንደሚጽፉ ስላወቁ እርስዎው ጻፉት፤ እርስዎው መቱት። ይኼ ሁሉ ማጭበርበር ነው፤ ሊገባኝ ይችላል። የማይገባኝ ደወሉ ነው። ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ ሄደው አይተዋቸዋል። ምን አሉዎት?»

ካጂ በዚያው ለስላሳ ድምፁ፣ ደንበኛ እንደሚያነጋግር ሁሉ፣ ተናገረ።

«አምቡላንስ ጥሩልኝ አሉኝ። ትንፋሽ አጥሯቸው ነበር። ፕሬዚዳንቱ መንገድ ላይ ነበሩ። አምቡላንስ ግቢ ውስጥ ቆሞ… ሰሌዳው… እባክዎ ሥነ ሥርዓቱ እስኪያልቅ ብቻ ይታገሡን ብዬ ለመንኳቸው። ተንበርክኬ ነው የለመንኳቸው። ሦስት ሰዓት ከአርባ ላይ ስመለስ አልፈው ነበር። በዚያ ሁኔታ ትቻቸው ልሄድ ነውር ሆነብኝ። በአግባቡ አስተኛኋቸው።»

«በአግባቡ» አለች አሳኑማ። ንቀቷን ለመደበቅ አልሞከረችም። «ለሬሳቸው ያሳዩትን ክብር ግማሹን ለትንፋሻቸው ቢያሳዩት ኖሮ ሰውየው ዛሬ ሆስፒታል ተኝተው ሾርባ ይጠጡ ነበር። እዚያ ግድግዳ ላይ የሰቀሉት የምስክር ወረቀት ሰው ለማዳን ነው የተሰጠዎት። ይነሡ።»

ካጂ ተነሣ። ለሱኩዳ ጎንበስ አለ፣ ለሠራተኞቹ ጎንበስ አለ፤ ቶሚዬ ፊት ሲደርስ ወገቡ እስኪታጠፍ ጎንበስ ብሎ ቀረ። ቶሚዬ ቀና በል አላሉትም። እሳቸው እያዩ የነበሩት ሰሌዳውን ነው።

ሱኩዳ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ነገ ጠዋት…»

«ነገ እኔ አልመጣም» አሉ ኖሞቶ። ጭምብላቸውን አውርደው፣ ቆባቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «ታምሜያለሁ። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ታምሜያለሁ። ከሦስት ቀን በፊት ስላላሳወቅኩ ይቅርታ አድርጉልኝ።» ከኋላ አንድ ሰው ሳለ፤ ሌላም ሰው ሳለ። ቆቦቹ አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ተደረደሩ።

አሳኑማ ከቶሚዬ አጠገብ ተቀምጣ የምስክርነት ቃላቸውን በእጇ ጻፈች። አጭር ነበር። ባለቤታቸው 39.6 ትኩሳት እንደነበራቸው፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአሥር ላይ እንደማይመጡ ማስታወቃቸውን፣ ከዚያም በልመና መጠራታቸውን ይናገራል። አንብባ ስትጨርስ ወረቀቱን ወደ እሳቸው ገፋ አደረገችና የሚታተምበትን ቦታ አሳየቻቸው። በስተግራ የመርማሪዋ ሳጥን አለ፤ በውስጡ የአሳኑማ ማኅተም ቀድሞ ተመትቷል።

ቶሚዬ ቦርሳቸውን ከፈቱ። ለይቅርታው ወረቀት ብለው ያመጡት የቤታቸው ማኅተም ነው፤ የተቀረጸበት ያው የባለቤታቸው የቤተሰብ ስም ነው፣ ሚኔጊሺ። በቀዩ ቀለም ነክረው ወረቀቱ ላይ አሳረፉት። በሌላው እጃቸው ደግፈው አስተካከሉት፣ ከዚያ ተጫኑት። ሲያነሡት ምልክቱ ቀጥ ብሎ ነበር።